ትሕትና አርብ እመጣለሁ አለች

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ሞላሌ ውስጥ ዛሬ ማመልከቻ ከሚጽፈው ሰው ግማሹ ሀሌታውን «ሀ» ከሐመሩ «ሐ» የለየው በእኔ ቁጣ ነው። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየሁ ባለቤቱን አስጠርቼ ሳልቆጣ አላልፍም፤ ሚስቴ በዚህ የተነሳ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ትታለች። ይህን የማወራው ለመኩራራት አይደለም። በአንዲት የአማርኛ ቃል ምን እንዳደረግኩ ስነግራችሁ «ቃሉን ባያውቅ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ብዬ ነው።

የምነግራችሁ ስለ ትሕትና አፈወርቅ ነው። ተማሪዬ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ የምታጣምር ሴት ናት፤ አቀበት ላይ እንኳ እጇን አትፈታም። አባቷ መምሬ አፈወርቅ ከሞላሌ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ የነበሩ ቄስ ናቸው። ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ወንድ ልጅ አልሰጠኝም ብለው ሲያማርሩ የሰማቸው የለም፤ እሷኑ አጠገባቸው አስቀምጠው ዳዊት አስደገሟት። መንደሩ ጉድ አለ። «ለሴት ልጅ ዳዊት ምን ያደርግላታል?» ያላቸውን ሰው «ለአንተስ ምን አደረገልህ?» ብለው ዝም አሰኙት አሉ።

አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። ባል አገባች፤ ዓመት ሳይሞላት ተመልሳ አባቷ ቤት ገባች። ለምን ስትባል «ቤቱ ጠበበኝ» አለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ የሚያጠኑ ሰዎች ሲመጡ ዕቃ ተሸካሚ ሆና ገባች። በሦስት ዓመት ውስጥ የትኛው ቀበሮ በየትኛው ጉድጓድ እንደወለደ ከአጥኚዎቹ ቀድማ የምታውቀው እሷ ሆነች፤ እንግሊዝኛውንም ከአፋቸው ለቀመችው። ሰዋስው የሚባል ነገር የሌለበት እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ፈረንጁ ሁሉ ይገባዋል። ሰዋስው የሞላው የእኔ እንግሊዝኛ እስካሁን ማንም ገብቶት አያውቅም።

አስጎብኚ ስትሆን የመንደሩ ሰው «የፈረንጅ እረኛ» የሚል ስም አወጣላት። እሷ አልተቀየመችም። «አዎ፣ እረኛ ነኝ» ትል ነበር፤ «የእኔ በጎች ግን ገደል ሲያዩ ካልተጠጉት አይሆንላቸውም።» ቀልዷ እንዲህ ነው፤ ፊቷ ሳይስቅ ሌላውን ታስቃለች። እንግዶቹን «ቀስ» የምትል የመጀመሪያ ቃል ታስተምራቸዋለች፤ በአማርኛ «ቀስ» ያላለ ፈረንጅ አቀበት አታስወጣም።

እኔም ማስተማሩ ሲታክተኝ ተውኩትና የአስጎብኚዎች ማኅበር አስተባባሪ ሆንኩ። በ2011 ዓ.ም. አንድ አዲስ ጉዞ አሰናዳን። ከመሐል ሜዳ ተነስቶ፣ የጓሳን ሜዳ አቋርጦ፣ ቆላው ገደል ውስጥ ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ፣ በማዶው አቀበት ወጥቶ እነ ትሕትና መንደር የሚያበቃ የአምስት ቀን የእግር መንገድ ነው። ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ታች ቆላው ውስጥ ድንጋዩ እንኳ ሲነኩት ያቃጥላል። በየማታው አንድ ገበሬ ቤት ይታደራል፤ ንጹሕ መደብ፣ የበግ ፀጉር የመንዝ ባና፣ ትኩስ የገብስ ቂጣ። ወጣቶቹ ቤቶቹን «ሎጅ» እንበላቸው ሲሉ ተቆጣሁ። አማርኛ ምን ጎደለውና? «ማረፊያ» ነው የሚባለው አልኩና ሰሌዳዎቹን በገዛ እጄ ጻፍኳቸው። የእሌኒ ማረፊያ። የመኳንንት ማረፊያ። ፊደሌ እንዴት እንዳማረ ሳይ ራሴን አመሰገንኩ።

መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ነበሩ፤ የሚመጡት ጥቅምት ላይ ነው። ሚስትየዋ የምትመራን ሴት ትሁን ብላ አስቀድማ ጽፋለች። ሴት አስጎብኚ ደግሞ ከትሕትና በቀር አልነበረንም። ክፋቱ፣ መምሬ አፈወርቅ ከሐምሌ ጀምሮ ታመዋል። ሳል ነው። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ ጋብ ይልላቸዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሌሊት ሲያስላቸው አድሮ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ንጋት ላይ ነው። ትሕትና አልሄድም አለች። ሂጂ ያሏት እሳቸው ናቸው። «እኔ በሳል አልሞትም፤ ብሞትም አፈር የምታለብሺኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ሳትደርሺ አልቀበርም» አሏት። እሳቸው ይህን ያሉት እየሳቁ ነው፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ድረስ መጣች። ግቢ አላት ሚስቴ፤ ከበር ላይ ሆና ነው ያናገረችኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ።»

«ምን?»

«አባባ ትንሽ እንኳ ከባሰባቸው ላኩብኝ። የትም ልሁን፣ እንግዶቹን ላለሁበት ቤት ባለቤት ሰጥቼ እመለሳለሁ። አባባን ሌላ ሰው አፈር አያለብሳቸውም።»

«አንቺ ደግሞ! በቅሎ ጭኜ ራሴ እመጣልሻለሁ» አልኳት። በጊዮርጊስ ስም ማልኩላት። በማግስቱ ሰኞ እንግዶቿን ይዛ ከመሐል ሜዳ ተነሳች። የመጀመሪያውን ሌሊት ጓሳ ጥግ፣ ሁለተኛውን እሌኒ ቤት አደረች። የእሌኒ ቤት ቆላው አፋፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ከተወረደ እስከ አርብ ድረስ ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም።

ረቡዕ ማለዳ መምሬ አፈወርቅ ሞቱ።

ሰው ልከውብኝ እየሮጥኩ ደረስኩ። ማክሰኞ ማታ ሳሉ በርትቶባቸው ነበር፤ ንጋት ላይ ግን ጋብ አለላቸውና ባለቤታቸው እትዬ ወለተኪዳን እንቅልፍ ወሰዳቸው ብለው ደስ አላቸው። ሊቀሰቅሷቸው ሲነኳቸው በርደዋል። አንድም ሰው ይሞታሉ ብሎ አልጠበቀም። ደነገጥን፤ ግን ያን ጊዜ የደነገጥኩት ድንጋጤ ኋላ ከደነገጥኩት ጋር ሳስተያየው ምንም አልነበረም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ትሕትናን ነው። ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። የእሌኒ ስልክ ዝግ ነው። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ጠፍቶኝ አይደለም። መርዶ ሦስት አራት ሽማግሌ ሆኖ፣ ማልዶ ሄዶ፣ ሰውየውን ከዘመዶቹ መሐል አስቀምጦ ነው የሚረዳ። ነገር ግን እሌኒ ቤት በአቋራጭ እንኳ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ሄጄ እሷን ይዤ እስክመለስ ይመሻል። መልእክት ብልክላት ግን ወዲያው ትነሳለች፤ እኔ በቅሎ ይዤ ግማሽ መንገድ ላይ እቀበላታለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአባቷ አስከሬን ትደርሳለች። ሒሳቤ ይህ ነበር። ዛሬም ሳስበው ሒሳቡ ስህተት አልነበረውም።

ኔትወርክ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ላይ ነው። እዚያ ቆሜ ጻፍኩ። «አባባ ሞቱ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። እንዲህ ብሎ ነገር አለ? ስለ ቄስ፣ ያውም ለልጃቸው፣ «ሞቱ» ይባላል? ነውር ነው። «ዐረፉ» ነው የሚባለው፤ ይህን እኔ ራሴ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬአለሁ። ፈርቼም ነበር፤ የፈራ ሰው ለስላሳ ቃል ይፈልጋል። «አባባ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል። አይዞሽ።» ብዬ ላክሁት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ልጨምርበት ፈልጌ፣ ያንን በአካል ስንገናኝ እላታለሁ ብዬ ተውኩት። ዐይኑን «ዐ» መጻፌን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እኔ።

በቅሎዋን እዚያው ቅጥሩ ጥግ ጭነን፣ እግሬን እርካብ ላይ ሳደርግ ስልኬ ጮኸ። ትሕትና ናት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዶቹን አድርሼ አርብ እመጣለሁ። እስከዚያ አባባን አደራ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ ነው ብዬ ስልኩን ወደ ጥላ ወስጄ አነበብኩት። ያው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ማለቷ አልገረመኝም፤ የቄስ ልጅ ናት፣ ሐዘንን እንዲህ ነው የሚቀበሉት። አርብ እመጣለሁ! ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። እሑድ በሬ ላይ ቆማ ቃል ያስገባችኝ ልጅ! አባቷ ሬሳቸው ሳይነሳ ፈረንጅ ይዛ ወንዝ ልታሻግር! ደወልኩላት። አይነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። ቆላው ውስጥ ገብታለች ማለት ነው።

የመምሬ ግቢ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ልጅቱ እስክትመጣ እንቆያለን» ይላሉ። «ብርድ ነው፣ እስከ ነገም ቢያድሩ ምንም አይሆኑም። አፈር እንድታለብሳቸው ተናዝዘውላታል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ስልኬን ይዤ መሐል ገባሁ።

«አትጠብቁ» አልኩ።

«ምነው? አልደረሳትም?»

«ደርሷታል። የመለሰችውንም አንብቡ ካላችሁኝ አነብላችኋለሁ» አልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ «ኧረ ጉዴ!» አለች። ገበዙ መልእክቱን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጀመሩ።

ከቤት ውስጥ እትዬ ወለተኪዳን ወጡ። «ልጄ እንዲህ አትልም» አሉኝ።

«ይኸውልዎ እትዬ፤ የራሷ ቃል ነው» ብዬ ስልኩን ፊታቸው ላይ ዘረጋሁት። እትዬ ወለተኪዳን ማንበብ አይችሉም። እንዲያው ብርሃኑን አዩት እንጂ።

«ልጄ እንዲህ አትልም» አሉ ደግመው። ማንም አልሰማቸውም። ሐዘን ነው የሚያናግራቸው አልን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምሬ አፈወርቅ ተቀበሩ። የመጀመሪያውን እፍኝ አፈር የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ልጅ ሆኜ ልቅበራቸው ብዬ፣ በእሷ ላይ በገነፈለ ንዴት።

ሐሙስ ቀን ለቅሶው ሁለት ሆነ፤ ለመምሬ ይለቀሳል፣ ትሕትና ትታማለች። የፈረንጅ ልብ አበቀለች አሉ። ባሏን የፈታች ቀን ነው ያወቅናት አሉ። ዳዊቱ የታለ አሉ። ከሁሉ የከፋሁት እኔ ነበርኩ። «አስተምሬአታለሁ፤ አፍሬባታለሁ» አልኩ፣ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም። ይህን ቃል ያልኩበትን ቦታ፣ ማን ማን ተቀምጦ እንደነበር፣ ዛሬም አስታውሳለሁ።

አርብ ሣልስት ነው። ማለዳ መኳንንት መጣ። አራተኛው ማረፊያ የእሱ ነው፤ ትሕትናና እንግዶቿ ሐሙስ ያደሩት እሱ ቤት ነው። ለሚስቱ ትቷቸው በእነሱ ፊት ቀድሞ ለሣልስቱ መድረሱ ነው። ክንዴን ይዞ ከለቅሶው ዳስ ጀርባ ወሰደኝ።

«በዕውቀቱ፣ ይቺ ልጅ ታውቃለች ነው የምትሉኝ?» አለኝ።

«ታውቃለች። መልሳልኛለችኮ።»

«ከቀብር የተመለሱ ሰዎችም ታውቃለች፣ ቅበሯቸው ብላለች አሉኝ። እኔም መርዶ የዘመድ ነው ብዬ አልነካኋትም። ግን በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ፣ ማታ ስትስቅ ነው ያመሸችው። ሴትየዋን እስክስታ ስታስተምር ነበር። ትከሻዋን እንዲህ፣ እንዲህ እያደረገች! እኔ ተነስቼ ከቤት ወጣሁ።»

ሁለታችንም ፊታችንን አማተብን። መኳንንት ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን አልቀለደም። ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል? እኔ አላውቅም ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ ያየሁት ክፉ ነገር ሁሉ ከዚህ አነሰብኝ።

ቀትር ላይ ከማዶው ተረተር አየኋት። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች። ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ከኋላዋ ይመጣሉ። ከወትሮው ትፈጥናለች። ዳሱን ስታይ እጇን ፈታችና ለእንግዶቹ ጠቆመችላቸው፤ የሆላንዱ ሰውዬ አጨበጨበ። ለካ ጉዞው ሲያበቃ መንደሩ ለእንግዶቹ ዳስ ጥሎ ይቀበላቸዋል ብለን ነበር! ይህን ራሴ ነበርኩ ያዘዝኩት፤ ከነአካቴው ረስቼዋለሁ።

ወደ ዳሱ ሳትደርስ ልቀድማት ወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ያብላላሁት ቃል አለኝ። መንገዱ ላይ ተገናኘን። አቧራ በአቧራ ሆናለች፤ ፊቷን የቆላ ፀሐይ አክስሎታል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ፈገግ አለችልኝ።

«በምን ዓይንሽ ነው የመጣሽው?» አልኳት።

ሁልጊዜ ስለምቆጣ ቀልድ መሰላት። «ዘገየን እንዴ መምህር? ከአፋፉ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ ልደውል ብዬ፣ ድንገት ልድረስባቸው ብዬ ተውኩት። አባባ ተነሱ? ዳሱ ውስጥ ናቸው?»

«ማን?» አልኩ።

«አባባ ናቸዋ! ዐርፈዋል ብለውኝ የለ? በዚያ ሳል ተኝተው አያውቁም እኮ። ዐረፉ ሲሉኝ ጮኼ እሌኒን አቀፍኳት።»

ይህን ስትለኝ የሆንኩትን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ጉልበቴ ከዳኝ አልል፣ ቆሜአለሁ። ጆሮዬ ደነቆረ አልል፣ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ የሆላንዷ ሴትዮ «ቀስ፣ ቀስ» እያለች ለባሏ ስትስቅ ይሰማኛል። አንጎሌ ብቻ ቆመ። «ስልክሽን» አልኳት። «መልእክቱን አሳዪኝ።»

ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣ ግን ትንሽ ግራ እየገባት፣ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችኝ። ከእኔ መልእክት በላይ ሌላ መልእክት ነበር። የእሷ ነው፤ ማክሰኞ ማታ የጻፈችው። «መምህር፣ አባባ ዛሬም ሳሉ በረታባቸው ወይስ ትንሽ ዐረፉ? ሐሳብ ይዞኛል።» ከጎኑ ቀይ ምልክት አለበት። አልተላከም ማለት ነው፤ እኔ ጋ አልደረሰም፤ እሷ ምልክቱን አላየችም። ከሥሩ የእኔ፤ «አባባ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል። አይዞሽ።» ጥያቄና መልስ። እኔ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያረምኩት ጥያቄና መልስ እንዲህ ገጥሞ አያውቅም።

አፌን ከፈትኩ። አሁን እንኳ፣ አሁን ሁሉ ነገር ገብቶኝ እንኳ፣ «ሞቱ» የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ሳለሁ እትዬ ወለተኪዳን ከዳሱ ወጡ። ትሕትና ከትከሻዬ በላይ አየቻቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር፤ ጥለቱ ወደ አንገታቸው ዞሯል። ይህን ያየ የአገራችን ሰው ሌላ መርዶ አያስፈልገውም።

«እማዬ» አለች፤ ድምጿ እንደ ትንሽ ልጅ ቀጠነ፤ «ነጠላሽን ለማን ነው ያዘቀዘቅሽው?»

እናቷ እጃቸውን ዘረጉላት። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጩኸት እግዜር ለጠላቴም አያሰማው። ዳሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወጡ። ሁለት ቀን ስሟን ሲያነሱ የነበሩት ሴቶች መጀመሪያ ቆመው አዩዋት፤ የውሸት ልቅሶ መስሏቸው ይሆናል። መሬት ላይ ስትወድቅ ግን ገባቸው። መኳንንት ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «አታውቅም! አታውቅም ነበር!» እያለ ይዞራል። የሆላንዷ ሴትዮ ሻንጣዋን ጥላ አጠገቧ ተንበርክካለች፤ ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ግን ታለቅሳለች። ባሏ ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ሴቶቹ ውሃ በፊቷ ረጩ፤ ደግፈው አስቀመጧት። ማልቀሷን አቁማ ዙሪያዋን አየች።

«መቼ ነው?» አለች።

«ረቡዕ ማለዳ» አሏት ገበዙ።

«የተቀበሩትስ?»

«ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«እኔ እኮ እሌኒ ቤት ነበርኩ» አለች። ቁጣ የለውም አነጋገሯ፤ መንገድ እንደምታስረዳ ሰው ነው የምትናገረው። «ረቡዕ እስከ ሦስት ሰዓት እዚያው ነበርኩ። በአቋራጩ ብመጣ፣ በሩጫ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ነበር የምደርሰው። ለምን አልቆያችሁኝም? አፈር ሳላለብሳቸው? አባባ አልነገሯችሁም?»

ገበዙ ዓይናቸውን መቋሚያቸው ላይ ተከሉ። ሌላውም ሰው አቀረቀረ። ማንም ወደ እኔ አልጠቆመም፤ ማንም አላየኝም።

«ማን ነው አትጠብቁ ያለው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ? መምህር?»

«የጻፍሽልኝን አንብቤላቸው ነው።»

«ምን ጻፍኩ?»

ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋት። እኔ ጋ ጥያቄዋ የለም፤ የእኔ መርዶና የእሷ መልስ ብቻ ነው ያለው። ድምፅ አውጥታ አነበበችው፤ አባቷ ዳዊት እንዳስደገሟት፣ በየቃሉ እየቆመች። «እግዚአብሔር፣ ይመስገን። እንግዶቹን፣ አድርሼ፣ አርብ፣ እመጣለሁ። እስከዚያ፣ አባባን፣ አደራ።» ጨረሰችና እንደገና ከላይ ጀመረችው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። እግሯ ሥር ወድቄ ይቅር በይኝ ልላት ወገቤን ማጠፍ ጀምሬአለሁ። እሷ ግን ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እንዲህ ብላ የጻፈችን ልጅ» አለችኝ፣ «እኔም ብሆን አልጠብቃትም ነበር።»